የጋሽ ይማም ቀኝ እግር

ደሴ፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለች አንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ሱቅ ውስጥ፣ ረቡዕ ከምሳ በኋላ፤ ሠላሳ ዓመት የሰፋው ጋሽ ይማም ከእግር መኪናው ላይ ሳይነሣ፣ የዲዛይን ተመራቂ ተማሪዋ ትርሲት ጥቁር ጃኬት ታቅፋ ፊቱ ቆማ።

ይማም፦ አልሰፋም አልኩሽ! አምፖል የሚተከልበት ጃኬት ሰፍቼ አላውቅም፤ በስተርጅና ደግሞ አልጀምርም።

ትርሲት፦ አምፖል አይደለም እኮ፣ ጋሽ ይማም። ይዩዋት፣ የምስር ፍሬ የምታክል መብራት ናት። ከገበሩ ሥር አርባዋን ብቻ ይስፉልኝ።

ይማም፦ አርባ! ለባሹ ሰው ነው ወይስ የሠርግ ድንኳን?

ትርሲት፦ ሰው ነው። ሰውየው ሲደሰት አረንጓዴ ይበራል፣ ሲናደድ ቀይ።

ይማም፦ መናደዱን ፊቱ አይናገርም? ሚስቱ አምፖል ስትጠብቅ ልትኖር ነው?

ትርሲት፦ ፊትማ ይዋሻል። ይሄ በልብ ምት ነው የሚሠራው።

ይማም፦ ልብሱማ ምን ይወጣለታል? ጨርቁ ሸጋ ነው። እኔ የማወራሽ ስለ አምፖሉ ነው።

ትርሲት፦ ልብሱ አላልኩም፤ የልብ ምት! ደረቱ ላይ ሴንሰር አለ።

ይማም፦ መንሱር? የትኛው መንሱር? የእህል ነጋዴው?

ትርሲት፦ ሴን-ሰር! ልብ ትር ትር ሲል የሚያዳምጥ ዕቃ። እየቀለዱብኝ ነው፣ አይደል?

ይማም፦ ቀልዱንስ ይዘሽ የመጣሽው አንቺ። አሁን ይሄ ትምህርት ነው? አምስት ዓመት ሙሉ ያስተማሩሽ ይሄን ነው?

ትርሲት፦ የመመረቂያ ሥራዬ ነው። ፊዚካል ኮምፒውቲንግ ይሉታል። ኮምፒውተሩን ከስክሪኑ አውጥቶ ሰው በእጁ በሚነካው ዕቃ ውስጥ መክተት ማለት ነው፤ ወንበር በሉት፣ በር በሉት፣ ልብስ በሉት። ሲነኩት እንዲያውቅ፣ መልስም እንዲሰጥ።

ይማም፦ መልስ የሚሰጥ ወንበርማ ማን ይቀመጥበታል።

ትርሲት፦ በናትዎ ጋሽ ይማም፣ ዓርብ ሄጄ ማቅረብ አለብኝ።

ይማም፦ አረብ አገር? ያ ረቢ! አንቺም? ይሄን ሁሉ ተምረሽ? እናትሽ ታውቃለች?

ትርሲት፦ ዓርብ! ዓርብ! ከነገ ወዲያ! ጁምዓ!

ይማም፦ ጁምዓ… ታዲያ እንዲያ አትዪም? ደሜን አፈላሽው እኮ። እስቲ ወዲህ በይው፣ ገበሩን ልየው። ዝም ብዬ ልየው እንጂ እሰፋለሁ አላልኩም።

ትርሲት፦ ማየቱ ይበቃኛል። የመጀመሪያ ዩኒፎርሜን የሰፉልኝ እርስዎ አይደሉ? እጅዎ እንደገባ አይተዉትም።

ይማም፦ እሱን ቀሚስ በሳምንቱ ቀደሽው መጣሽ። አጥር ስትዘዪ። ይሄን ጃኬት ደግሞ ማን እንደሰፋው እንጃ፤ ብብቱ ጋ ሰውየው እንዲታነቅ ነው የሰፋው።

ትርሲት፦ ጋሽ ይማም፣ ሰው መጣ።

ይማም፦ ኮሌታውም ተጣሟል። ስትቀጂ ጨርቁን ነው የምትከተዪው እንጂ…

ትርሲት፦ ጋሽ ይማም! እበሩ ላይ! … አሉ እማማ፣ እዚህ ናቸው፣ አንድ ጊዜ… ኧረ ይመለሱ! … ሄዱ።

ይማም፦ ማን ሄደ?

ትርሲት፦ ዚፕ ሊያስቀይሩ የመጡ ሴትዮ ናቸው። ሦስት ጊዜ “ይማም፣ ይማም” ብለው ጠሩዎት እኮ። “ደግሞ መኩራት ጀመረ!” ብለው ሄዱ።

ይማም፦ መኪናው እየጮኸ እንዴት ልሰማ?

ትርሲት፦ መኪናው ቆሟል። ጃኬቱን ነበር የሚያገላብጡት።

ይማም፦ እንግዲያው ሐሳቤ እሱ ላይ ነበር። በአምፖል ያደነዘዝሽኝ አንቺ ነሽ።

ትርሲት፦ መንሱርስ? አረብ አገርስ?

ይማም፦ እና ምን ይጠበስ?

ትርሲት፦ ቀና ብለው ሲያዩኝ አንድ ቃል አያመልጥዎትም። ጨርቁን ሲያዩ ግን ሌላ ነው የሚመልሱልኝ። ከንፈሬን ነው የሚያነቡት።

ይማም፦ እንቺ ጃኬትሽን።

ትርሲት፦ ጋሽ ይማም…

ይማም፦ እንቺ አልኩሽ። ከተማው ልብስ ሰፊ አልቸገረውም። ጨርቅ አምጥተሽ ነው የገባሽው፤ ጆሮዬን መርምሪ ያለሽ የለም።

ትርሲት፦ ይቅርታ። ክፉ አስቤ አይደለም።

ይማም፦ ክፉ ሳይታሰብ ነው ወሬ የሚወጣው። አንቺ ለአንዷ ትነግሪያለሽ፣ እሷ ወፍጮ ቤት ትነግራለች፣ ማታውን ከተማው ያውቃል።

ትርሲት፦ ለማንም አልናገርም። የሚደብቅ ሰው ሳይ ስለማውቅ ነው። እኔም ደብቄ ነው የምዞረው።

ይማም፦ እኔ ምን ደበቅሁ?

ትርሲት፦ እሺ፣ ደባቂዋ እኔ ብቻ ልሁን። ይሄ ጃኬት የኔ አይደለም። ኢንተርኔት ላይ ያየሁት ነው።

ይማም፦ የሰው ሞዴል ማየት ምን ያስደብቃል? የኛም ሥራ እኮ ያው ነው።

ትርሲት፦ ከሱ በፊት ሁለት ጊዜ ጥለውብኛል። መጀመሪያ ውኃ ሲጠማው የሚያወራ የአበባ ማሰሮ ሠራሁ፤ አማካሪዬ መምህር ኅሩይ ከት ብሎ ሳቀ። ቀጥዬ ሰው ሲነሣለት የሚያጨበጭብ ወንበር ሠራሁ።

ይማም፦ የሚያጨበጭብ! ተሰድቤ እንደተነሣሁ ነው የምቆጥረው።

ትርሲት፦ እሱም እንደዚያ ነው ያለው። ሦስተኛ ይሄን ጃኬት አሳየሁት። አልሳቀም። “ያምራል፤ ለማን ነው?” አለኝ። ለማንም አልነበረም። እንግዲህ አርባ መብራት ከተከልኩበት ቢያንስ ቢያብረቀርቅ፣ ፈታኞቹ ዐይናቸው ቢፈዝ ብዬ ነው ወደርስዎ የሮጥኩት።

ይማም፦ ዓርብስ ካልተቀበሉሽ?

ትርሲት፦ ዓመት እደግማለሁ። እናቴ ደግሞ “ልጄ ሐምሌ ላይ ትመረቃለች” እያለች ሰፈሩን በሙሉ ጠርታለች። መጣሉን አልነገርኳትም።

ይማም፦ እኔንም ጠርታኛለች፣ እናትሽ አስካለ። ቀሚሷን የምሰፋው እኮ እኔ ነኝ። ያውልሽ ወይን ጠጁ፣ ተሰቅሎ።

ትርሲት፦ እንደገባሁ ነው ያየሁት። እሱን እያየሁ ሳወራዎት ድምፄ ሲንቀጠቀጥ አልሰሙም?

ይማም፦ መንቀጥቀጡን እኔ የት ሰምቼው፣ ልጄ። ተቀመጪ እስቲ። እዚያ በርጩማ ላይ፣ ወደ ብርሃኑ፣ አፍሽ እንዲታየኝ። እኔ እየሰፋሁ ልንገርሽ፤ እጄ ሥራ ከፈታ አንደበቴ አይፈታም።

ትርሲት፦ መቼ ጀመረዎት?

ይማም፦ ሁለት ዓመት ይሆነዋል። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ። ጧት ጧት ቆርቆሮው ላይ የሚንጫጩ ነበሩ፤ የተሰደዱ መሰለኝ። አንድ ቀን ቀና ብል ሁሉም እዚያው አሉ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ድምፅ የለም። ከዚያ የሴትና የልጅ ድምፅ ተከተለ። የወንዱ ወፍራም ስለሆነ ትንሽ ቆየልኝ። አሁን እሱም እየሄደ ነው።

ትርሲት፦ ሐኪምስ?

ይማም፦ ታይቻለሁ። “ነርቭ ነው፣ የሄደው አይመለስም” አለኝ። ጆሮ ላይ የምትሰካ ሰጠኝ። እሷን ሰክቼ መኪናውን ስረግጥ ወፍጮ ቤት ውስጥ የታሰርኩ ይመስለኛል። መሳቢያ ውስጥ አስተኝቻታለሁ።

ትርሲት፦ ሰው ሲገባ ታዲያ እንዴት ያውቃሉ?

ይማም፦ ያቺን መስታወት ታያለሽ? ደንበኛ ራሱን እንዲያይ የሰቀልኳት ይመስላቸዋል። በሩን የማይባት እኔ ነኝ። ግን ጨርቅ ስቀድም ሆነ ስጠቅም አንገቴን ደፍቼ ነው፤ ያኔ ደግሞ እንዳየሽው ነው… ቆይ፣ የታችኛው ክር አለቀ።

ትርሲት፦ እንዴት አወቁ? እኔን አይደል ሲያዩ የነበሩት?

ይማም፦ እግሬ ነገረኝ።

ትርሲት፦ እግርዎ?

ይማም፦ ክሩ ሲያልቅ ፔዳሉ ይቀለኛል፣ የፀጉር ያህል። መርፌው ሲዶለዱም ይጎረብጠኛል። ቀበቶው ሲላላ ደግሞ ያዛጋል፣ እንዲህ ዘግየት ይላል። መኪና በጆሮ አይሰፋም፤ ድሮም በጆሮዬ ሰፍቼ አላውቅም።

ትርሲት፦ እስቲ ይድገሙልኝ።

ይማም፦ አንቺም አልሰማሽም? ወረርሽኝ ሆነ በቃ!

ትርሲት፦ ሰምቻለሁ፤ ልጽፈው ነው። ጋሽ ይማም፣ እግርዎ ይሄን ሁሉ ከሰማ፣ ሰው ደፍ ሲረግጥ ለምን አይሰማም?

ይማም፦ ደፉና ፔዳሉ ምን አገናኛቸው? በመካከል አራት እርምጃ አለ።

ትርሲት፦ እኔ ላገናኛቸው። ስልክዎን ይስጡኝ። የኔን ንዝረት ላይ አድርጌ ከፔዳሉ ሥር አስረዋለሁ። ከዚያ ውጭ ወጥቼ ደፉን በረገጥኩ ቁጥር በእርስዎ ስልክ እደውልለታለሁ። እርስዎ ፊትዎን አዙረው ይስፉ።

ይማም፦ በኤሌክትሪክ ልትጨርሽኝ ነው?

ትርሲት፦ ኪስዎ ውስጥ ሲነዝር ሞተው ያውቃሉ?

ይማም፦ ኪሴ ለምዶታል፤ እግሬ አያውቀውም። በይ፣ በዚች ብጣሽ እሰሪው። … ኧረ ላልቷል! ወዲህ በይ እቴ። አምስት ዓመት ተምረሽ ቋጠሮ እንኳ አላስተማሩሽም?

ትርሲት፦ በቃ፣ ወጣሁ!

ይማም፦ ምን አልሽ?

ትርሲት፦ ወጣሁ! መስታወቷንም አይዩ! ይዙሩና ይስፉ!

ይማም፦ ዞርኩ፣ ዞርኩ። … ምንም የለም። … እንዴ፣ ልጅቷ፣ ሄደሽ ቀረሽ? … ምንም የ… ዋይ! ገባሽ!

ትርሲት፦ ገባሁ!

ይማም፦ ኮረኮረኝ! እስከ ቁርጭምጭሚቴ! እንደገና ውጪ፣ እንደገና!

ትርሲት፦ ወጣሁ!

ይማም፦ አሁን የለሽም። … የለሽም። … ልታታልዪኝ ነው፣ የለሽም። … አሁን! ደፉ ላይ ነሽ፣ አይደል? ሳላይሽ! ወላሂ ሳላይሽ!

ትርሲት፦ ጋሽ ይማም፣ መንገደኛው ቆሞ እያየን ነው።

ይማም፦ ይየና! ቆይ ግን፣ ሥራው ጥሩ ነው፣ ስፌቱ ይቀረዋል። ንዝረቱ በዛ። ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ነው የሚመስለው። እንግዳ በር ሲያንኳኳ እንደሱ ነው? ኳ ኳ ይበልና ያብቃ።

ትርሲት፦ ሁለት አጭር። ጻፍኩ።

ይማም፦ ደግሞ ከመካከል አንሺው። ጉልበቱን የሚሰጠው ግራ እግሬ ነው፤ እሱ ሥራ ይበዛበታል። ቀኙ መሪ ነው፣ ያዳምጣል። ቀኙ አውራ ጣት ሥር አድርጊው።

ትርሲት፦ ቀኝ፣ አውራ ጣት ሥር።

ይማም፦ ዓርብ ስልክሽን እዚህ አስረሽልኝ ልትሄጂ ነው?

ትርሲት፦ ስልኩ ለሙከራ ነው። ስልክ ውስጥ የሚነዝረው የአዝራር ቁልፍ የምታክል ሞተር ናት፤ እሷን ብቻዋን ነው የምናስቀምጣት። ከደፉ ሣንቃ ሥር ክብደት የሚያውቅ ሴንሰር…

ይማም፦ መንሱር።

ትርሲት፦ አዎ፣ መንሱር! መንሱርን ከሣንቃው ሥር እናስተኛዋለን። በመካከላቸው የክብሪት ሳጥን የምታክል ቦርድ አለች፤ “ሰው ረግጧል፣ አንኳኪ” የምትል እሷ ናት። ሽቦው በግድግዳው ጥግ ይሄዳል፣ ማንም አያየውም።

ይማም፦ ፍየል ብትገባስ?

ትርሲት፦ ከሃያ ኪሎ በታች ከሆነ ዝም እንዲል እናደርገዋለን።

ይማም፦ የለም የለም፣ ዝም እንዳይል! አምና አንዷ ገብታ የሙሽራ ሸሚዝ እጅጌ በልታብኛለች፣ አጠገቤ ቆማ፣ እያላመጠች። ለፍየል አንዴ፣ ለሰው ሁለቴ ያንኳኳ።

ትርሲት፦ ለፍየል አንዴ! ጋሽ ይማም፣ እኛ ግቢ ቢገቡ መምህር ኅሩይን ሥራ ያስፈቱታል።

ይማም፦ ምን አሳብ አለው ይሄ? እግሩ የኔ ነው፤ የሚስማማውን እኔ ካላወቅሁ ማን ያውቃል?

ትርሲት፦ እሱን ነው እኮ ሁለት ወር ሙሉ ያልጠየቅሁት። ማሰሮ ሳስወራ፣ ወንበር ሳስጨበጭብ፣ አንድ ሰው አጠገብ ቁጭ ብዬ “ምን ይቸግርሃል?” አላልኩም።

ይማም፦ ጃኬቱንስ ምን ልታደርጊው ነው?

ትርሲት፦ እንጃ።

ይማም፦ ልበሺው። ደሴ ነው ያለሽው፣ ይበርዳል። ብብቱን አሰፋልሻለሁ።

ትርሲት፦ እሺ። አሁን ይቺን ቅጽ ልሙላ። ዓርብ ከምሠራው ዕቃ ሥዕል ጋር የምትገባ ናት። ሦስት መስመር ብቻ ናት፦ የተጠቃሚው ስም፣ ሥራ፣ ያለበት ችግር።

ይማም፦ “አንድ ልብስ ሰፊ” ብለሽ ጻፊ።

ትርሲት፦ ስም ይጠይቃል። ሲያልቅ ደግሞ ተጠቃሚው ራሱ መጥቶ ፈታኞቹ ፊት ይሞክረዋል።

ይማም፦ እንደሱ ከሆነ አይሆንም።

ትርሲት፦ አሁን እኮ ሲዘሉ ነበር!

ይማም፦ የዘለልኩት እዚህ ነው፣ ሱቄ ውስጥ። ጆሮው የሄደ ልብስ ሰፊ ዘንድ ማን ይመጣል? “አሳጥረው ስንለው አስረዝመው ብሎ ሰማ” ይላሉ። ለሚያጥረውም ለሚረዝመውም ጆሮዬ ይከሰሳል።

ትርሲት፦ ዛሬ የሄዱትስ ሴትዮ? “ኮራ” ብለው ነው የሄዱት። ያም ስም ነው፤ እርስዎ ያልመረጡት ስም።

ይማም፦ የደንበኛዋስ ይሁን፣ ዚፕ ነው። ሌላ ቦታ ታስቀይረዋለች።

ትርሲት፦ የማን ነው ታዲያ “ይሁን” የማይባለው?

ይማም፦ የከድጃ።

ትርሲት፦ ባለቤትዎ አያውቁም?

ይማም፦ እኔ ሳሎን እቀመጣለሁ፣ እሷ ከጓዳ ትጠራኛለች። በፊት መልስ ስታጣ መጥታ ትቆጣ ነበር። ቁጣው ደግ ነበር፤ ፊት ለፊቴ ቆማ ነው የምትቆጣው፣ ሁሉንም እሰማታለሁ። በኋላ መቆጣቱን ተወችው። አሁን መጥራቱንም ትታዋለች። ምግቡን ታስቀምጥና ትሄዳለች።

ትርሲት፦ ምን መስሏቸው ነው?

ይማም፦ የጠላኋት ነዋ። ሌላ ምን ይመስላታል? ሠላሳ አንድ ዓመት ስታወራው የኖረችው ባሏ አንድ ቀን ተነሥቶ ዝም አላት።

ትርሲት፦ እንዴት አይነግሯቸውም?

ይማም፦ “አረጀ” ከምትለኝ “አኮረፈ” ብትለኝ የሚሻለኝ መስሎኝ ነበር። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። አሁን ከየት ይጀመራል? ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ጊዜ እንዴት ይነገራል?

ትርሲት፦ …እሺ። ቅጹን አስገባሁት፣ ይኸው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ስምዎን አልጽፍም።

ይማም፦ ዓርብስ?

ትርሲት፦ ሌላ ልብስ ሰፊ እፈልጋለሁ።

ይማም፦ ሌላ ልብስ ሰፊ ቀኝ እግሩን ይሰጥሻል?

ትርሲት፦ አይሰጠኝም። ግን ለኔ ምረቃ ብዬ የእርስዎን ትዳር አልበጠብጥም። ለእናቴም ዛሬውኑ ሄጄ እነግራታለሁ፤ ቀሚሱን አይቸኩሉበት።

ይማም፦ ዛሬውኑ?

ትርሲት፦ ዛሬውኑ። እስከ ነገ ካሳደርኩት ሁለት ዓመት ሊሆን ነው።

ይማም፦ ምላስሽ እንደ መቀስ ነው እኮ አንቺ።

ትርሲት፦ እርስዎን ልነካ ብዬ አይደለም…

ይማም፦ ነካሽኝ፣ ነካሽኝ። አውጪው።

ትርሲት፦ ምኑን?

ይማም፦ ቅጹን ነዋ! እኔው ልጻፈው፣ እጄ ከአንቺ ያምራል። ስም፣ ይማም ሰዒድ። ሥራ፣ ልብስ ሰፊ። ያለበት ችግር…

ትርሲት፦ እሱን ለነገ ይተዉት።

ይማም፦ ለነገ አይደለም። እዚህ ላይ ከመጻፌ በፊት አንድ ሰው መስማት አለበት፤ ወረቀት ሊቀድማት ነው እንዴ? ያን ስልክሽን ከፔዳሉ ፍቺው። የኔን ባትሪ በደፉ ላይ ስትመላለሺ ጨርሰሽዋል። ድምፁን እስከ ጥግ ክፈቺው። ቁጥሩን እኔ እመታለሁ።

ትርሲት፦ ይኸው። … እየጠራ ነው። እኔ ውጭ ልቁም?

ይማም፦ የለም፣ እዚሁ ሁኚ፣ ወደ ብርሃኑ። ያመለጠኝን በከንፈርሽ ትነግሪኛለሽ።

ትርሲት፦ አነሡ! “ማን ልበል?” እያሉ ነው። ይናገሩ፣ ጋሽ ይማም፣ ይናገሩ!

ይማም፦ ሄሎ፣ ከድጃ? እኔ ነኝ። … በሰው ስልክ ነው፣ ደኅና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም። … ጮክ በይልኝ እስቲ። … አልተቆጣሁም፣ ከድጃ፣ ስሚኝማ፦ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩሽ አኩርፌሽ አይደለም፤ ሳልሰማሽ ነው።